የተጋጣሚን ቁጥር ማንበብ

እኔ ሽንፈት አልወድም። ኋላ ላይ የማወራው ነገር ሁሉ ከዚሁ የመጣ ስለሆነ ይህን ቀድሜ ብናገር ይሻላል። ልጅ ሳለሁ ገበጣ ስሸነፍ ጠጠሩን በትኜ የምሄድ ነበርኩ፤ አድጌ ቦንጋ ውስጥ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት ከተቀጠርኩ በኋላም ጠባዬ እምብዛም አልተሻሻለም። ትንንሽ ቀስት ወደ ክብ ሰሌዳ የሚወረወርበትን ዳርት ስጫወት ከሳትኩ አግዳሚውን በእርግጫ እላለሁ፤ ከተሸነፍኩ ሻዬን ሳልጨርስ እወጣለሁ። እናቴ «ይህ ልጅ ቁጣውን ከአባቱ ሱቅ ነው የወረሰው» ትላለች። አባቴ ከመሀል አገር መጥቶ ቦንጋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው፤ ዋጋ አሳንሶ የጠየቀውን ደንበኛ ከሱቁ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ ድረስ በቃል ይሸኘው ነበር።

ዳርት የምንጫወተው በመሥሪያ ቤታችን ክበብ ነው። ክበቡ ከጓሮ በኩል ያለች ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ስትሆን ዝናብ ሲመጣ ተጠጋግተው ካልተነጋገሩ በቀር አታሰማማም፤ በቦንጋ ደግሞ ዝናብ የሚመጣበትን ሳይሆን የማይመጣበትን ቀን መቁጠር ይቀላል። ሰሌዳው በአንድ ወፍራም ጣውላ ላይ ተቸንክሯል። ጣውላውና ዙሪያው ያለው ግድግዳ ተበሳስቶ አልቋል፤ ከቀዳዳዎቹ መካከል አብዛኞቹ የእኔ ናቸው።

ዳኛ አልነበረንም። ዳኛ የሌለንም የሚሆን ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ሌላ ደንብ ስለነበረን ነው። እኛ ዘንድ የወረወርከውን ቁጥር የሚያነብልህ ተጋጣሚህ ነው። ሦስቱን ቀስቶች ትወረውራለህ፣ እጅህን ሰብስበህ ትቆማለህ፤ ከመስመሩ አጠገብ የቆመው ተጋጣሚህ ያነባል፤ እሱ አንብቦ እስኪጨርስ ቀስትህን አትነቅልም። የራስህን ቁጥር መጥራት ነውር ነው። ጨዋታውን ሲያዩት ከባላጋራህ ፊት ገንዘብህን ዘርግተህ «ቁጠርልኝ» እንደማለት ነው። አዲስ የሚቀጠር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላው እሱም እንደኛ እጁን ሰብስቦ ይቆማል።

ይህን ደንብ ያመጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የመሥሪያ ቤታችን አንጋፋ ሾፌር ናቸው፤ ሺሺንዳ አካባቢ ተወልደው ቦንጋ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ ሲደምሩ በካፊኖኖ እያጉረመረሙ ይደምሩና ውጤቱን በአማርኛ ጮክ ብለው ይናገራሉ። ሃያ ስምንት ዓመት ሲነዱ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጩም ይባላል። ዶሮውን አላጣራሁም፣ ሰውየውን ግን አውቃቸዋለሁ፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ጨዋታቸውን ለማየት ሲሉ ብቻ ክበብ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። እኔ በበኩሌ ከውርወራቸው ይልቅ ሌላው ነገራቸው ነበር የሚገርመኝ። ተጋጣሚያቸው መስመሩ ላይ ሲቆም የሻይ ብርጭቋቸውን እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ በመዳፋቸው ላይ ያስቀምጡታል። በሚወረውረው ሰው ዓይን ሥር አይቆሙም። ቀስት ሲያቀብሉ ስለታሙን ጫፍ ወደ ራሳቸው፣ ላባውን ወደ ተቀባዩ አድርገው በሁለት እጃቸው ነው። ሰው ሲስት የሚያጨበጭብ ካዩ «የሰው መሳት አይጨበጨብለትም» ይላሉ፤ አይቆጡም፣ ዝም ብለው ይናገሩታል። ካሸነፉ «ዛሬ እጄ ቀንቶልኛል» ብለው ኮታቸውን ያነሳሉ። ከተሸነፉም ኮታቸውን የሚያነሱት በዚያው ፍጥነት ነው። እኔ አግዳሚ ስመታ አንድ ቀን ጠጋ ብለው «አግዳሚው ምን አደረገህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባሉበት አግዳሚ መትቼ አላውቅም፤ ሲወጡ ጠብቄ ነው።

ባለፈው ዓመት የሠራተኞች ስፖርት ውድድር ሲመጣ ነገሩ ጠነከረ። ዞኑ ለክልሉ ውድድር ከሚልካቸው ተጫዋቾች መካከል የዳርቱ ቦታ ለእኛ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ቦታው አንድ ነው። ስለዚህ በክበባችን ተጋጥመን አንድ ሰው መምረጥ ነበረብን። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ቀርቷቸዋል፤ ዳርት ወርውረው ከቦንጋ ውጭ ሄደው አያውቁም፤ ሁልጊዜ የሚሄዱት ሌላውን ተወዳዳሪ ጭነው በሾፌርነት ነው። ይህን ጊዜ ግን ተወዳዳሪ ሆነው መሄድ ይፈልጉ ነበር። አፍ አውጥተው ባይሉትም ሻይ ለምታፈላው የክበቡ ሴትዮ «ያን ጊዜ ሌላ ሰው ይንዳ፣ እኔ ከኋላ ቁጭ እላለሁ» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ።

እኔም መሄድ እፈልግ ነበር። ለምን ቢሉኝ ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ማሸነፍ ስለምወድ ነው።

በግማሽ ፍጻሜው እኔ አንዱን የዕቅድ ባለሙያ አሸነፍኩ፤ ጋሼ ደግሞ የግምጃ ቤቱን ሠራተኛ አሸነፉ። ፍጻሜው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ክበቡ ሞልቶ ሰው በመስኮት ጭምር ያያል። የስምሪት ኃላፊው፣ ማለትም ጋሼን በየፊልዱ የሚመድባቸው አለቃቸው፣ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሰኞ ጠዋት ጋሼ አምስት ባለሙያ ጭነው ዋጫ ከተማ እንዲወርዱ የመደባቸውም እሱ ነው።

ከአምስት መቶ አንድ እየቀነስን፣ መጨረሻውን በቀጭኑ የውጭ ቀለበት፣ በእጥፉ፣ የምንዘጋበት ጨዋታ ነው። ሁለታችንም ጥሩ ይዘናል። እኔ መቶ ሰማንያ አንድ፣ እሳቸው መቶ ሃያ ሲቀራቸው ተራው የእኔ ሆነ። የመጀመሪያዋ ቀስቴ ሃያ ላይ ተሰካች። ሁለተኛዋ መሀል ላይ ባለችው ጠባብ ቀለበት ውስጥ፣ ሃያው በሦስት በሚባዛበት ቦታ ገባች፤ ስልሳ ማለት ነው። ሦስተኛዋ ሸርተት ብላ አንድ ላይ ዋለች። ሰማንያ አንድ። ልክ መቶ ይቀረኛል። ደስታዬን በጥርሴ ነክሼ፣ እጄን ሰብስቤ ቆምኩ።

ጋሼ ከመስመሩ አጠገብ ሆነው አነበቡ። «ሃያ፣ ሃያ፣ አንድ። አርባ አንድ።»

የሰማሁትን አላመንኩም። «ጋሼ፣ እንደገና ይዩት» ማለት እችል ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን እንደዚያ ይላል። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

«ጋሼ! ማሸነፍ ከፈለጉ በእጅዎ ያሸንፉኝ እንጂ በአፍዎ አይስረቁኝ!»

አንድ ሰው ሻይ ሲያማስል ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቀረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ፣ ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መልሼ ልውጠው ፈልጌ ነበር፤ ኩራቴ ደግሞ አልፈቀደልኝም። ሃያ ስምንት ዓመት ስማቸው በክፉ ያልተነሳን ሰው ሌባ ያልኩት ሱሪ መታጠቅ ስጀምር ያዩኝ ሰዎች ፊት ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። «ቆይ፣ ልየው» አሉና ወደ ሰሌዳው ሄዱ። አፍንጫቸው ቀስቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። በጣታቸው ጫፍ ቀለበቱን የሚከልለውን ቀጭን ሽቦ ዳሰሱት። ከዚያ ዞር ብለው ለሁላችንም እንዲሰማ አድርገው «ልጁ ልክ ነው። ስልሳ ነው። ሰማንያ አንድ ይጻፍለት» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ማንም ይሳሳታል። «ተሳሳትኩ» ብለው ቢቀጥሉ አንድም ሰው ቃል አይወጣውም፤ እንዲያውም ሁሉም በእኔ ላይ ነበር የሚነሳው። እሳቸው ግን ወደ መስመሩ ተመልሰው ቆሙና ሰሌዳውን እንደገና ተመለከቱ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ፤ ቆመው አዩ። አንድ ሌላ እርምጃ ሄዱ፤ አዩ። ምን እየሠሩ እንደሆነ የገባኝ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነው። ሽቦው ከየት ጀምሮ እንደሚታያቸው እየለኩ ነበር።

ከዚያ ቀና ብለው ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል አዩ። «ይሄን አምፖል መቼ ነው የቀየራችሁት?» ብለው የክበቡን ሴትዮ ጠየቁ።

«ባለፈው ሳምንት ነው ጋሼ። ደክሟል ባሉን ማግስት።»

«እንግዲያው አምፖሉ አይደለም» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «እኔ ነኝ።»

ያኔ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ከኋላ ተነሳ። በግማሽ ፍጻሜው በጋሼ የተሸነፈው እሱ ነው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሸ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። የእኔንም አሳስተው አንብበውብኝ ነበር» አለ።

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እንዴት ብዬ ልናገር ጋሼ? እርስዎን?»

ዞር ብዬ ስመለከት አንገቱን የደፋው እሱ ብቻ አልነበረም። የዕቅዱ ባለሙያ ጫማውን ያያል። አንዲት የጽሕፈት ክፍል ሠራተኛ ከንፈሯን ነክሳለች። ለካ ሁሉም አይቷል። ሁለት ወር ሙሉ ጋሼ ቁጥር ሲያሳስቱ ይሉኝታ ይዞት፣ ትልቅ ሰው አይታረምም ብሎ፣ ሁሉም የጎደለበትን እየተቀበለ ይሄድ ነበር። ጨዋ ነን ብለን ነው። እኔም በእነዚያ ሁለት ወራት ከእሳቸው ጋር ተጋጥሜ ቢሆን ኖሮ ያው እጮህ ነበር፤ ጨዋነት ስለሌለኝ።

ጋሼ ለግምጃ ቤቱ ሠራተኛ «ጨዋታችን ይደገም። የዛሬው ይቁምና አንተና እኔ እንደገና እንጫወት፤ ከእሱ ጋር የሚጋጠመው ያሸነፈው ይሁን» አሉት።

ሰውየው እጁን አወናጨፈ። «አይሆንም ጋሼ። ያኔውኑ ቤቴ ገብቼ ደምሬዋለሁ። የጎደለው ሁሉ ቢጨመርልኝም አልደርስብዎትም ነበር። በደንብ ነው የተሸነፍኩት።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሼም ፈገግ አሉ። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ግን ማንም አልጠበቀም። ወደ ስምሪት ኃላፊው ሄዱና ከኪሳቸው የመኪናውን ቁልፍ አውጥተው ዘረጉለት። «ሰኞ ዋጫ ሌላ ሰው ይውረድ።»

ኃላፊው ደነገጠ። እሱም የይሉኝታ ሰው ነው። «ኧረ ጋሼ፣ ደክሞዎት ይሆናል እኮ፤ አንድ ሁለት ቀን ቢያርፉ...» እያለ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ።

«ይቺን ሽቦ ከዚህ ካላየሁ በጭጋግ ውስጥ የሚሻገር ሰው አላይም» አሉት። መዳፉን ራሳቸው ከፍተው ቁልፉን አስቀመጡበትና ጣቶቹን አጠፉለት። ኋላ ሐኪም ያገኘባቸው የዓይን ሞራ ነበር። ያን ዕለት ግን ይድናል አይድንም አያውቁም፤ የሚያውቁት ለጡረታ ስምንት ወር እንደቀራቸውና ሾፌር ያለ ዓይን ምንም እንዳልሆነ ነው። ይህን ሁሉ ያጡት ስለ አርባ ነጥብ ነው፤ ያውም የእኔ ነጥብ።

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ቀስቶቼን እንደያዝኩ «ጋሼ፣ ጨዋታው ይቅር፣ እርስዎ ይሂዱ» አልኩ። ስለው ከልቤ ነበር።

«ለምን ይቀራል? ተራው የእኔ ነው» አሉ።

የስፖርት ኮሚቴው ሰው ብድግ ብሎ «እንግዲያው ቁጥሩን ሌላ ሰው ያንብብ» አለ። ሦስት አራት ሰው እጁን አወጣ። ጋሼ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ።

«ደንባችን ተጋጣሚ ያነባል ነው። ተጋጣሚዬ እዚህ ቆሟል፤ ዓይኑም ደህና ነው፣ ሁላችሁም አይታችኋል። የእኔንም የራሱንም እሱ ያንብብ።»

እኛ ዘንድ የራስን ቁጥር ማንበብ ነውር ነው ብያለሁ። ከአምስት ደቂቃ በፊት ሌባ ያልኳቸው ሰው ያንን ለእኔ ፈቀዱ። ያን ሰዓት እልህ ይሁን ምን አልገባኝም ነበር። ቤቴ ገብቼ ስተኛ ነው የገባኝ፤ በዚያ ቃሌ ክበቡ ውስጥ ቀና ብዬ መሄድ እንደማልችል አይተው፣ ሰው ሁሉ ፊት እንደገና ሰው አድርገው ሊያቆሙኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ አፍታ እንዴት እንደሚታሰብ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወረወሩ። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሳይሆን እንደ ወትሮው በእርጋታ፤ እጃቸው መንገዱን ያውቀዋል። ሄጄ አየሁና «ሃያ፣ ስልሳ፣ እና አንዷ ከውጭ። ሰማንያ» አልኩ። አርባ ቀራቸው። እኔ ሦስት ሃያ ወርውሬ ከመቶው አርባ አስቀረሁ። ሁለታችንም ለመዝጋት አንድ ነገር ብቻ እንፈልጋለን፤ ከላይ ያለውን የሃያን እጥፍ። እሳቸው ሦስቱንም ሳቱ። «አልገቡም ጋሼ» አልኩ፤ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተራዬ ደረሰ። ሁለቱን ጣውላው ላይ ሰካሁ። ሦስተኛዋ ስትሄድ ከኋላ «ገባ!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። ከሩቅ ሲታይ በርግጥም ገብታለች፤ ላባዋ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ጫፏን ሸፍኗል። ጠጋ ስል ግን ጫፏ ከሽቦው በላይ ናት፤ የፀጉር ታህል ብቻ፣ ግን ከውጭ። ከእኔ በቀር የሚያይ ሰው አልነበረም። ወደ ኋላ ዞሬ ጋሼን አየሁ። እሳቸው ሰሌዳውን አያዩም ነበር፤ የሚያዩት እኔን ነው፤ እንደ ወትሮው ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ የሚነበብላቸውን ይጠብቃሉ።

እውነቱን ልናገር፣ አንድ አፍታ «ገባ» ልል ልቤ ከጅሎ ነበር። ከዚያ «አልገባም» አልኩ። ድምፄ ስላነሰ ደገምኩት። «አልገባም፤ ከውጭ ነው።»

ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሱ፤ ወረወሩ። በጣም ተጠግታ ሳተች። «በየት በኩል?» አሉኝ። «በላይ ጋሼ፣ ትንሽ።» ዝቅ አድርገው ደገሙ፤ ዝቅ በዛ፤ ሃያ ላይ ተሰካች። ሃያ ስለቀራቸው የሞከሯት ሦስተኛዋም ከአሥሩ እጥፍ አጠገብ አለፈች። በሚቀጥለው ተራዬ የመጀመሪያዋ ቀስት እጥፉ መካከል ገባች። አንብቤ ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉልኝ። በጨዋታው ሁሉ ያነበብኩትን ለማረጋገጥ አንድም ጊዜ ወደ ሰሌዳው አልሄዱም።

ስንወጣ ግቢው በጠዋቱ ዝናብ ጭቃ ሆኗል። ተከትያቸው እስከ በሩ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ብከፍት ቃሉ እየተጠላለፈ አስቸገረኝ፤ ለስድብ ሲሆን እንዴት እንደሚቀናኝ! «ጋሼ፣ ያቺን ነገር... በአፍዎ ያልኩት...» ስል ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«አፍህ ክፉ ነው» አሉኝ። «አርመው። ግን ባትጮህብኝ ኖሮ ሰኞ አምስት ሰው ገደል እሰድ ነበር።»

ከዚያ ባጃጅ አስቆሙ። በልማድ ወደ ፊት፣ ወደ መሪው በኩል ተራመዱ፤ ወጣቱ ሾፌር ግራ ገብቶት አያቸው። ቆም አሉ። ዞረው ከኋላ ገቡና ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ሂድ ልጄ» አሉት።